የትንሽ ከተማን ታሪክ ከቅርሶቿ መመዝገብ፦ የአዲስ ዓለም ምሳሌ

የአንዲት ትንሽ ከተማን ታሪክ ለመመዝገብ የሚነሣ ሰው ከወረቀት ይልቅ ከቆመው ሕንፃ ቢጀምር ይሻለዋል። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በአምቦ መንገድ ላይ ያለችውን አዲስ ዓለምን እንውሰድ፦ ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዋና ከተማቸውን ወደዚያ ሊያዛውሩ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር፤ ነገር ግን ባሕር ዛፍ የአዲስ አበባን የእንጨት እጥረት ስላቃለለው ሐሳባቸውን ለወጡ፣ ቦታውም የማርያም ደብር ሆነ።

ስለዚህ ከደብሩ አስተዳዳሪ ፈቃድ ጠይቀው ይግቡ፤ ፎቶግራፍ ማንሣትንም ለብቻው ያስፈቅዱ። ሕንፃውን አንድ ጊዜ ምንም ሳይጽፉ ይዙሩት፤ ማስታወሻ የሚይዙት በሁለተኛው ዙር ነው።

ቀጥሎ ሽማግሌዎችን ይጠይቁ። አንድ አባት «ይህ ቤት በጣልያን ጊዜ ነበረ» ቢሉዎ፣ ቃላቸውን እንዳለ ጽፈው «ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.» የሚለውን በኅዳጉ ያክሉ እንጂ አነጋገራቸውን አያርሙ። የውጭ ተጓዦች የጻፉት ዓመት ከእኛው በ7 ወይም በ8 ስለሚበልጥ፣ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ከእያንዳንዱ የዓመት ቁጥር አጠገብ ካልተጻፈ መዝገቡ ኋላ ያሳስታል፤ ብዙ ድካም የሚበላሸው በዚህች ቸልታ ነው።