የዩኤክስ ሥራ እንዴት ይጀመራል? ከአምስት ሰው አጠገብ ቁጭ በማለት

አክስቴ አንድ የክፍያ አፕ ላይ ልትመዘገብ ስልክ ቁጥሯን አስገባች። በ09 ጀመረች፤ ሁላችንም እንደምንጀምረው። አፑ ግን +251ን አስቀድሞ ጽፎ ነበርና ዜሮዋን አልተቀበላትም። በቀይ «ትክክለኛ ቁጥር ያስገቡ» አላት። ደግማ አስገባች። አሁንም ቀይ። በሦስተኛው መነጽሯን አወለቀችና «ልጄ፣ እኔ እኮ ለዚህ ነገር አልሆንም» አለችኝ።

ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። አፑ ዜሮዋን ራሱ ቢያወጣት ነገሩ ያልቅ ነበር። እንዲህ ያለውን የሚያይና የሚያስተካክል ሙያ አለ፤ የሰውና የኮምፒውተር መስተጋብር ይባላል። የሥራ ማስታወቂያ ላይ «ዩኤክስ ዲዛይነር» ወይም «ዩኤክስ ሪሰርቸር» (ተመራማሪ) ተብሎ ታገኙታላችሁ፤ ዩኤክስ ማለት የተጠቃሚ ልምድ ነው። ከኮምፒውተር ሳይንስም፣ ከሳይኮሎጂም፣ ከግራፊክስም ተነስተው የገቡበት አሉ። ልምምዱን ግን በዚህ ሳምንት መጀመር ትችላላችሁ።

ከምትጠቀሙበት አፕ አንድ ተግባር ምረጡ። አፑን ሙሉውን አትንኩ። «ካርድ መሙላት» ወይም «ለሰው 100 ብር መላክ» ይበቃል።

አምስት ሰው ፈልጉ። የዚህ ሙያ ታዋቂ ባለሙያ ያኮብ ኒልሰን በ2000 እ.ኤ.አ. የጻፈው ምክር ነው፤ በአምስት ሰው ብቻ አብዛኛው ችግር ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ የምታዩት ድግግሞሽ ነው። ቁጥሩ ያከራክራል፤ ለጀማሪ ግን ደህና መነሻ ነው። የአይቲ ጓደኞቻችሁን ተዉና የሰፈሩን ባለሱቅ፣ ጎረቤታችሁን፣ አክስታችሁን ጠይቁ።

አጠገባቸው ተቀመጡና ዝም በሉ። ከባዱ ይሄ ነው። መጀመሪያ «የምፈትነው አፑን ነው፣ እርስዎን አይደለም» በሏቸው። እየነካኩ የሚያስቡትን ጮክ ብለው እንዲናገሩ ለምኗቸው። ሲቸገሩ እጃችሁ «እዚህ ጋ ይጫኑ» ለማለት ይቸኩላል። ያዙት። ይልቅ «አሁን ምን ይመጣል ብለው ጠበቁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚስጥር ቁጥር ሲያስገቡ ፊታችሁን አዙሩ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ እኛ ዘንድ ይሉኝታ አለ። ሰው ግማሽ ሰዓት ተቸግሮም «ጥሩ ነው፣ በርቱ» ይላችኋል። ስለዚህ ከአፉ ይልቅ አውራ ጣቱን ተከታተሉ። የት ቆመ? የት ተመለሰ?

ያያችሁትን ጻፉ። «ግራ ገባት» የእናንተ ግምት ነው። «ቀጥል የሚለውን ሦስት ጊዜ ነካች፤ ምንም አልተከፈተም» ግን ያያችሁት ነው። ሁለተኛውን ጻፉ።

የእኛን ነገርም አትርሱ። ቀጠሮው «3 ሰዓት» ሲል በየትኛው አቆጣጠር ነው? ጠዋት ሦስት ሰዓት በፈረንጅ 9 ነው። «የቤተሰብ ስም» የሚለው ሳጥን ላይ የአባት ስም ይግባ የአያት? ጳጉሜን የሌለበት ካላንደር ላይ ጳጉሜን 3 የተወለደ ሰው ምን ይሙላ? ይህን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የውጭ ዲዛይነር የለም።

በወረቀት አስተካክሉ። እርሳስ ይበቃል። የተሻለውን ገጽ ሳሉና ለእነዚያው ሰዎችና ለአንድ ሁለት አዲስ ሰው አሳዩ። በኮምፒውተር ገጽ መንደፊያው ፊግማ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ፖርትፎሊዮ (ለቀጣሪ የምታሳዩት የሥራ ስብስብ) አድርጉት። ምን አያችሁ፣ ምን ቀየራችሁ፣ ሲቀየር ምን ሆነ? ያልሠራውንም ጻፉ፤ ቀጣሪው የሚፈልገው አስተሳሰባችሁን ማየት ነው። የስዕል ውበት ብቻውን ያንን አያሳየውም። የእኔ ፖርትፎሊዮ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያለችው ያቺ የአክስቴ ዜሮ ናት።