ቤት ውስጥ ለተሠራ ፓወር ሰፕላይ ማብሪያ ማጥፊያ እንዴት ይበየዳል?

ፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም የግድግዳውን 220 ቮልት ወደ ዝቅተኛ ቮልት የሚቀይር ሳጥን፣ የሚሠራ ሰው ሐሳቡ ሁሉ ቦርዱ ላይ ነው። እኔም የመጀመሪያዬን ስሠራ ባለ12 ቮልት 2 አምፔር ትራንስፎርመር፣ 4 ዳዮድ፣ አንድ ትልቅ ካፓሲተርና ቮልቱን የሚያስተካክለውን ቺፕ ኤልኤም317 ይዤ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ቦርዱ ላይ ተደፍቼ ዋልኩ። ማብሪያ ማጥፊያውን ግን በ10 ደቂቃ ለጥፌ ተነሳሁ። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ስለ ቦርዱ አይደለም። ከግድግዳው ሶኬት እስከ ትራንስፎርመሩ ስላለችው አጭር መንገድ ነው። 220 ቮልት የሚሄደው በእሷ ነው።

የደረሰብኝ ይህ ነው። ሽቦውን በማጥፊያው እግር ቀዳዳ ሳላሾልክ ከላይ አስተኝቼ ሶልደር፣ ማለትም የሚቀልጠውን የብየዳ ብረት፣ አፈሰስኩበት። ሲያዩት ያምር ነበር። ሳጥኑ ሲነሳ ሲቀመጥ ከ4 ወር በኋላ ሽቦው ተላቀቀና የብረቱን ሳጥን ከውስጥ ነካ። ገመዱ ባለሁለት እግር ስለነበር ሳጥኑ ኧርዝ፣ ማለትም ያመለጠ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ፣ የለውም። ታናሽ ወንድሜን ሳጥኑን ሊያነሳ ሲል ኤሌክትሪክ ያዘው። እጁን መንጭቆ አመለጠ፤ እኔ ግን ድምፁን እስካሁን አልረሳሁትም። ሳጥኑን ስከፍተው የሶልደሩ ጠብታ እግሩ ላይ እንዳለ ነው፤ ሽቦው ተኝቶበት የነበረው ቦታ ብቻ እንደ ቦይ ባዶ ቀርቷል። ሶልደሩ ሽቦውን ከቦት ነበር እንጂ አልያዘውም።

መጀመሪያ ማጥፊያውን እንምረጥ። ሁለት እግር ያለው አንዱን መስመር ብቻ ይቆርጣል። የእኛ አገር ክብ እግር ያለው ሶኬት ደግሞ ተገልብጦም ይሰካል፤ ዛሬ በቡናማው ሽቦ የመጣው ፌዝ፣ ማለትም የሚነዝረው መስመር፣ ነገ በሰማያዊው ይመጣል። ያን ጊዜ ማጥፊያው ኒውትራሉን፣ ማለትም የመመለሻውን መስመር፣ ቆርጦ ፌዙን ትራንስፎርመሩ ድረስ ይተወዋል። ጠፍቷል ብላችሁ እጃችሁን ስትሰዱ ይነዝራችኋል። ስለዚህ ሁለቱንም መስመር በአንድ ጊዜ የሚቆርጠውን ባለ4 እግር ግዙ። ገላው ላይ 250 ቮልት እና ቢያንስ 6 አምፔር የሚል ጽሑፍ ይኑረው። ምንም ያልተጻፈበትን በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። ከመበየዳችሁ በፊት በቴስተር (ቮልትና ኦም በሚለካው ሜትር) ለኩት፦ ሲበራ እግሮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይገናኛሉ፣ ሲጠፋ ሁሉም ይለያያሉ፣ አንዱ ጥንድ ከሌላው ጋር በምንም ቦታ መገናኘት የለበትም።

ገመድ የሚሰካበትን ባለ3 እግር መግቢያ ከሞተ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ መፍታት ይቻላል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ብትወርዱ አሮጌ ዕቃ አይጠፋም። ነገር ግን ተጠንቀቁ፤ የኮምፒውተሩ ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ከሶኬት ከተነቀሉ በኋላም ወደ 300 ቮልት ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ለጥቂት ቀናት ሳይሰካ ይቀመጥ፣ ከዚያም በቴስተር ለክታችሁ ንኩት።

ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው፦ ከመግቢያው ቡናማው ወደ ፊውዝ፣ ከፊውዙ ወደ ማጥፊያው አንድ ጥንድ፣ ከዚያ ወደ ትራንስፎርመሩ። ሰማያዊው በቀጥታ ወደ ማጥፊያው ሌላ ጥንድ፣ ከዚያ ወደ ትራንስፎርመሩ ሌላ ጫፍ። የእኔ ትራንስፎርመር 24 ዋት ገደማ ስለሆነ ከ220 ቮልት የሚስበው 0.11 አምፔር ያህል ነው። 250 ሚሊ አምፔር ፊውዝ አድርጌበታለሁ፤ ትራንስፎርመር ሲነሳ ለቅጽበት ብዙ ስለሚስብ ፊውዙ ቶሎ የማይቆረጠው ዓይነት ይሁን። የተቃጠለ ፊውዝ ላይ ሽቦ የሚጠመጥም ሰው ቤቱን እያስያዘ ነው።

አሁን ብየዳው። ከሁሉ በፊት ሲሞቅ የሚጨማደደውን ቱቦ ሽቦው ላይ አስገብታችሁ ወደ ኋላ ግፉት። ይህን የረሳ ሰው በይዶ ከጨረሰ በኋላ እንደገና መፍታቱ ነው። 0.75 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን ሽቦ 1 ሴንቲ ያህል ላጡት፣ ክሮቹን ፍተሉ፣ ስስ አድርጋችሁ ሶልደር ቀቡት። የማጥፊያውን እግር ደግሞ በምላጭ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ፋቁት፤ የጠቆረ ነሐስ ሶልደር አይቀበልም፣ ውሃ ቅባት ላይ እንደሚንከባለል ይንከባለልበታል። ቢጫው ብረት ካላብለጨለጨ አትጀምሩ።

ከዚያ ሽቦውን በቀዳዳው አሾልኩ፣ ወደ ኋላ እጠፉት፣ በፒንሳ ጨብጡት። አሁን ሳቡት። ያለ ምንም ሶልደር መያዝ አለበት። ካልያዘ እንደገና እጠፉ። እኔ ያላደረግሁት ይህንን ነበር።

ስለ መበየጃው የምሟገትበት አንድ ነገር አለ። ብዙ ሰው «ፕላስቲኩ እንዳይቀልጥ» ብሎ ደካማውን 25 ዋት ይመርጣል። የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። የማጥፊያ እግር ወፍራም ስለሆነ ሙቀት ይውጣል፤ ደካማ መበየጃ ሶልደሩን እስኪያቀልጥ 15 ሰከንድ ይቆማል፣ በዚያ ጊዜ ሙቀቱ በእግሩ ወርዶ ፕላስቲኩን ያለሰልሰዋል፣ እግሩም ይጋደማል። ከዚያ በኋላ ማጥፊያው «ቀጭ» ማለቱን አይተውም፤ ውስጡ ግን አንዴ ይገናኛል አንዴ ይስታል። 60 ዋት ባለ ሰፊ ጫፍ ይዛችሁ በ3 ሰከንድ ጨርሱ። ጫፉን በእርጥብ ስፖንጅ ጥረጉ፣ ጥቂት ሶልደር አስነኩት፣ ጠፍጣፋውን ጎን እግሩንም ሽቦውንም አንድ ላይ እንዲነካ አሳርፉት። የሶልደሩን ሽቦ መበየጃው ላይ ሳይሆን በተቃራኒው በኩል እግሩ ላይ አስጠጉ። ሲሞቅ ራሱ ይጠጣዋል፤ በክሮቹ መካከል ሰርጎ ሲገባ በዓይን ይታያል። መጀመሪያ ሶልደሩን፣ ቀጥሎ መበየጃውን አንሱ። እስኪረጋ አታንቀሳቅሱት፣ በአፋችሁም አትንፉበት።

ጥሩ ብየዳ ከእግሩ ጋር በተዳፋት ይያያዛል፣ የሽቦው ክሮችም ቅርጻቸው ከሥሩ ይታያል። እንደ ኳስ ድቡልቡል ብሎ ከተቀመጠ አልያዘም፤ እንደገና አሙቁት። አንዱን ከጨረሳችሁ በኋላ ማጥፊያው ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ወደ ሌላው እለፉ። ሶልደሩ ውስጡ ሮዚን (ሶልደሩ እንዲይዝ የሚረዳ ሙጫ) ያለው ይሁን። ለቆርቆሮ ሥራ የሚሸጠው አሲድ ሽቦውን ቀስ እያለ ይበላዋል። መስኮት ክፈቱ። ሶልደሩ እርሳስ አለበትና እንጀራ ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ቱቦውን ጎትታችሁ እግሩን በሙሉ ሸፍኑና አሙቁት። ናስትሮ አልመክርም፤ ሳጥኑ ውስጥ ሲሞቅ ሙጫው ይለቃል።

የኧርዙ ሽቦ፣ ማለትም አረንጓዴና ቢጫው፣ በማጥፊያ አያልፍም። ከመግቢያው ቀጥታ ወደ ብረት ሳጥኑ ይሂድ። የሳጥኑን ቀለም እስከ ብረቱ ፋቁ፣ ጥርስ ያለው ሮንዴላ አድርጋችሁ በቡሎንና በዳዶ አጥብቁ። ይህ ቡሎን ሌላ ምንም ነገር አይያዝ። ቤታችሁ ያለው ሶኬት ራሱ ኧርዝ ከሌለው ግን ይህ ሁሉ አያድንም፤ ያን ጊዜ የፕላስቲክ ሳጥን ተጠቀሙ።

ሶኬት ላይ ሳትሰኩ በቴስተር ለኩ። በገመዱ ሁለት እግሮች መካከል ማጥፊያው ሲጠፋ ምንም ማሳየት የለበትም፤ ሲበራ የትራንስፎርመሩን ጥቅል ያሳያል፣ ይኸውም ከጥቂት አሥር እስከ ጥቂት መቶ ኦም። ዜሮ ካሳየ የሆነ ቦታ ተነካክቷል። ከሁለቱ እግሮች ወደ ሳጥኑ ደግሞ ሲበራም ሲጠፋም ምንም አይኑር። ከኧርዙ እግር ወደ ሳጥኑ ዜሮ መሆን አለበት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስታበሩት 60 ዋት የድሮውን አምፖል፣ ክር ያለውን፣ በፌዙ መስመር ላይ በተከታታይ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በአምፖሉ አልፎ ወደ ሳጥኑ እንዲገባ አድርጋችሁ፣ አስገቡ። ኤልኢዲ ለዚህ አይሆንም። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። ቦግ ብሎ ከቀረ ሾርት አለ፤ ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉና ፈልጉት። ገመዱ እስካልተነቀለ ድረስ፣ አምፖሉ ቢኖርም፣ ማጥፊያው ቢጠፋም፣ እጃችሁን ሳጥኑ ውስጥ አትስደዱ።