በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ገጠር ቀበሌዎች የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ ዘመቻ እንዴት ይዘጋጃል

ዘመቻ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በምርመራው ቀን አይደለም። ቀድሞ ነው የሚበላሸው፣ ወይም ዘግይቶ። ቀድሞ የሚበላሸው የሕክምናው ማሽን ሳይሞከር ሴቶች ሲጠሩ ነው። ዘግይቶ የሚበላሸው ደግሞ ሪፈር የተጻፈላት ሴት ሆስፒታል መድረሷን የሚጠይቅ ሰው ሲጠፋ ነው። ከኩታበር ዳገት በእግሯ ሁለት ሰዓት ወርዳ የመጣች እናት "ዛሬ ማሽኑ አይሠራም፣ ሌላ ቀን ተመለሺ" ከተባለች አትመለስም። መንደር ገብታ ስታወራ ጎረቤቶቿም ይቀራሉ። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከቅስቀሳ ሳይሆን ከዕቃው ነው፤ ሕክምናው በእጅ ሳይገባ አንድም ሴት አትጥሩ።

የማህፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ካንሰር ነው። የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ የሚባል ቫይረስ ነው፤ ከዓይነቶቹ 16 እና 18 ብቻ ከ100 ታማሚዎች የ70ዎቹ ገደማ ምክንያት ናቸው። ከቫይረሱ እስከ ካንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ 15 ወይም 20 ዓመት ይወስዳል። ይህ ረጅም ጊዜ ዕድል ነው። በዚህ መሃል የተገኘ ቁስል ጤና ጣቢያ ላይ በደቂቃዎች ታክሞ ሴትዮዋ በዚያው ቀን ቤቷ ትገባለች። ካለፈ ግን ነገሩ የሆስፒታል ይሆናል፤ ጨረር ካስፈለገም 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ እስከ መድረስ ይሄዳል።

ማን ትጠራ?

ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 የሆኑ ሴቶች ሁሉ ይጠራሉ። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው በሽታው የመያዝ ዕድላቸው 6 እጥፍ ስለሆነ ከ25 ዓመት ጀምረው ይመርመሩ። እነሱን ግን በአደባባይ ለይታችሁ አትጥሩ፤ መድኃኒት በሚወስዱበት ክፍል በኩል ቀጠሮ ይያዝላቸው። ከ30 በታች የሆነች ጤነኛ ሴት ቫይረሱ ብዙ ጊዜ በራሱ ስለሚለቃት ምርመራው ላልተፈለገ ሕክምና ይዳርጋታል። ከ50 በላይ ደግሞ መታየት ያለበት ቦታ ወደ ውስጥ ስለሚሸሽ አሴቲክ አሲድ ተቀብቶ ነጭ የሚሆን ቁስል በዓይን የሚፈለግበት ምርመራ አያስተማምንም። ሆኖም የወር አበባዋ ከቆመ በኋላ ደም ያየች እናት ዕድሜዋ ምንም ቢሆን ዘመቻ ሳትጠብቅ ሆስፒታል ትሂድ።

የሴቶቹን ቁጥር ከቀበሌው ሕዝብ በመቶኛ አታስሉ። ጤና ኬላ ላይ የቤተሰብ ማህደር አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከሴቶች ልማት ቡድን መሪዎች ጋር ተቀምጣ በጎጥ በጎጥ ስም ታውጣ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክ፣ ስልክ ከሌላት የቅርብ ጎረቤት ስልክ። ይህ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ግን ማን እንደቀረች የሚታወቀው በዚህ ዝርዝር ብቻ ነው። ዝርዝር የሌለው ዘመቻ ሁልጊዜ የሚያገኘው ለኬላው ቅርብ የሆኑትን ሴቶች ነው።

ቀኑን መምረጥ

ሐምሌና ነሐሴ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ይቅር። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ስለሆነ ሴቷ ጊዜ የላትም። በደጋው፣ በልግ በሚዘራበት አካባቢ፣ ጥር አጋማሽ ሳያልፍ ቢሆን ይሻላል። ወደ ቃሉና ወደ ሐርቡ ቆላ ወረድ ሲባል ግን የካቲትም ይሆናል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም እያለ ስለሚመጣ የዘንድሮውን ቀን ቀድማችሁ አረጋግጡ። ብዙ እናቶች በውስጥ የሚደረግ ምርመራ ጾም ያፈርሳል ብለው ስለሚያምኑ ተከራክሮ ከማስጨነቅ ከዒድ በኋላ ማድረግ ይሻላል። ክርስቲያኖች በሚበዙበት ቀበሌ እርሻ የማይነካበት በዓል፣ ለምሳሌ ወር በገባ በ12 ወይም በ21፣ ከቅዳሴ በኋላ ጥሩ ቀን ነው። የገበያ ቀን ለቅስቀሳ እንጂ ለምርመራ አይሆንም፤ ሴቷ ሸቀጧን ጥላ አትገባም።

ሰዓቱም ይታሰብበት። ላም ታልባ፣ ውሃ ቀድታ፣ ልጅ አብልታ ከ3 ሰዓት በፊት የምትደርስ እናት የለችም። ሁሉንም ለ2 ሰዓት ቀጥሮ ፀሐይ ላይ ከማስቀመጥ በሦስት ከፍሎ ለ3፣ ለ5 እና ለ7 ሰዓት መቅጠር ነው። አንድ መርማሪ ሳትቸኩል በቀን 25 ሴት ገደማ ታያለች። ከዚያ በላይ ሲሆን መጀመሪያ የሚቀረው ምክሩ ነው፣ ቀጥሎ አሲዱ ከተቀባ በኋላ ያለው የአንድ ደቂቃ ጥበቃ።

ቅስቀሳው

ወሎ ውስጥ ከስብሰባ ይልቅ ቡና ይሠራል። አቦል ተቀድቶ እስከ በረካ ባለው ጊዜ አሥር ሴቶች በሜጋፎን የማያነሱትን ጥያቄ ያነሳሉ። ከዚያ በፊት ግን ቅሬው (እድሩ) ይወቅ። የቅሬ ዳኛውን፣ ኢማሙንና ቄሱን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ አነጋግሩ። ከእነሱ የሚፈለገው ስለ በሽታው እንዲያስተምሩ አይደለም፤ "ሚስቶቻችሁን ላኩ፣ የምትመረምራቸው ሴት ናት" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በቂ ነው። ይህን ለማለት እንዲችሉም መርማሪዋ የምር ሴት መሆን አለባት፤ በመጨረሻ ሰዓት ወንድ ባለሙያ ከተተካ ቃሉ የታጠፈው በእነሱ ስም ነው። የዱበርቲ እናቶችና (በዱዓቸው የሚከበሩ ሙስሊም እናቶች) የማኅበር እናቶች ደግሞ በሴቶች ዘንድ ከማንም በላይ ይደመጣሉ። ኦሮምኛ በሚነገርበት ቀበሌ ቋንቋውን የምትችል ባለሙያ ካልተገኘች ቀኑ ይራዘም፤ እንዲህ ያለ ጉዳይ በጎረቤት አስተርጓሚነት አይነገርም።

ቃላት ምረጡ። "ነቀርሳ" አትበሉ፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው የሳንባ ነቀርሳን ስለሆነ በትንፋሽ የሚተላለፍ ይመስለዋል። "ካንሰር ሊመረምሩሽ" ማለትም ያስፈራል፤ ካንሰር አለብሽ የተባለች ያህል ይሰማታል። የሚሠራው እንዲህ ያለ ንግግር ነው፦ "እትዬ፣ ካንሰር ከመሆኑ በፊት ነው የምናየው። ትንሽ ነገር ከተገኘ እዚያው ይታከማል። ማህፀንሽ አይነካም፣ መውለድ አይከለክልም፣ ሉፕም አናስገባም።" የመጨረሻዎቹ ሦስት ነጥቦች ሳይጠየቁ መነገር አለባቸው። ሴቶቹ የሚፈሩት እነዚህን ነው፤ አፍ አውጥተው ግን አይጠይቁም።

ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንደሚተላለፍ አትደብቁ፤ ነገር ግን ያገባ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንደሚያገኘው፣ ከብዙ ዓመት በፊት የገባ ሊሆን እንደሚችል አብራችሁ ንገሩ። ይህ ካልተነገረ ውጤቱ ባልና ሚስት መካከል ጥርጣሬ ይተክላል። መምጫው ቀን በደም ላይ እንዳትሆን፣ ለአንድ ቀን ከባሏ እንድትታቀብ፣ ውስጧን በሳሙና እንዳትታጠብ ንገሯት። ነፍሰ ጡር ከሆነች ከወለደች በኋላ ቀጠሮ ይያዝላት።

ዕቃና ክፍል

ለአንድ መርማሪ ለ25 ሴት 30 የጸዳ ስፔኩለም (የማህፀን በሩን ለማየት የሚያገለግል መክፈቻ) ያዙ፤ 20 መካከለኛ፣ 5 ትንሽ፣ 5 ትልቅ። "እዚያው አጥበን እንደግማለን" የሚለው ሐሳብ ውሃና መብራት በሌለበት ኬላ አይሠራም። ያገለገለው በ0.5 በመቶ ክሎሪን 10 ደቂቃ ይዘፈዘፍ፤ 5 በመቶ በረኪና ከሆነ 1 እጅ በረኪና ለ9 እጅ ውሃ ነው። ከዚያ ታጥቦ ጤና ጣቢያ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ጀርም የሚገድል ማሽን) ይገባል። 40 ጥንድ ጓንት፣ ጥጥ፣ የእጅ ሰዓት፣ የራስ ላይ ባትሪ ከነመለዋወጫው አይረሱ። ብርሃኑ ነጭ ይሁን፤ ቢጫ አምፖል ነጩን ቁስል ይሸፍነዋል።

አሴቲክ አሲዱ ከ3 እስከ 5 በመቶ መሆን አለበት። ከላቦራቶሪ የሚመጣው ያልተበረዘ ከሆነ 5 ሚሊ ሊትር አሲድ በ95 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ ይጨመራል፤ ውሃው አሲዱ ላይ አይፈስም። ከሱቅ የተገዛ አቼቶ ከሆነ መለያው ላይ በመቶኛው ይነበብ፤ ያልተጻፈበት አይወሰድ። ከቀጠነ ቁስሉ ሳይታይ ያልፋል፣ ሳይበረዝ ከተቀባ ሥጋ ያቃጥላል። በየቀኑ አዲስ ይዘጋጅ፣ ጠርሙሱ ላይ ቀኑ ይጻፍ።

በሩ ወደ ግቢው የሚከፈት ክፍል ከሆነ መጋረጃው ከበሩ ፊት ሳይሆን ከአልጋው ፊት ይሰቀል፤ በሩ ሲከፈት የምትታየው ሴት ስለ ምርመራው ለመንደሩ የምትናገረው ያንን ነው። ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ አልብሷት። የደሴ ጠዋት ብርድ ነውና ስፔኩለሙን በሞቀ ውሃ አሙቁት፤ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ሰውነቷ ይኮማተራል፣ ስትኮማተር ያማታል፣ ሲያማት ደግሞ ውጭ ተሰልፋ ያለችው ትሰማለች።

ምርመራውና ሕክምናው

መጀመሪያ የማህፀን በሩ በደንብ ይታይ። እባጭ፣ የሚደማ ቁስል ካለ አሲድ መቀባትም ማቃጠልም የለም፤ በቀጥታ ሪፈር ነው። ከሌለ አሲዱ በጥጥ ይቀባና በሰዓት ተቆጥሮ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይጠበቃል። ወፍራም፣ ጠርዙ የለየ ነጭ ነገር ከታየ ፖዘቲቭ ነው። ለዕቅድ ከ10 ሴት አንዷ ልትሆን ትችላለች ብላችሁ ተዘጋጁ።

ለገጠር ጉዞ ቁስሉን በብርድ ከሚያክመው ክራዮቴራፒ ይልቅ በሙቀት የሚያክመው ቴርማል አብሌሽን ይመረጣል። ክራዮቴራፒ ከባድ የጋዝ ሲሊንደር ይፈልጋል፤ ጋዙ መንገድ ላይ ካለቀ ቀኑ አለቀ። ቴርማል አብሌሽን በባትሪ ይሠራል፣ ጫፉ 100 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል፣ አንዱ ንክኪ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ነው። ከመነሳት በፊት ባለው ማታ ባትሪው ተሞልቶ ማሽኑ በርቶ ይታይ። ቁስሉ የማህፀን በሩን ሦስት አራተኛ ከሸፈነ ወይም ወደ ውስጥ ከገባ በዚህ አይታከምም፤ ለሊፕ (ቁስሉን በኤሌክትሪክ ሽቦ ቆርጦ ለማውጣት) ወደ ሆስፒታል ትላካለች።

ከሕክምናው በኋላ ለአራት ሳምንት ገደማ ውሃ መሰል ፈሳሽ ይኖራል፤ በዚህ ጊዜ ግንኙነት ማድረግ የለባትም። ይህ ለሴትዮዋ ብቻ ከተነገረ ትርጉም የለውም፤ እምቢ ማለት የማትችል ብዙ ናት። እሷ ከፈቀደች ባሏ ይጠራና ባለሙያዋ ራሷ ትንገረው፣ መታቀብ ካልተቻለም ኮንዶም ይሰጠው። ትኩሳት፣ የሚሸት ፈሳሽ፣ ብዙ ደም ወይም ከባድ የሆድ ሕመም ካለ ሳትውል ሳታድር ጤና ጣቢያ ትምጣ። የታከመች ሴት በዓመቷ ትታያለች፤ ነጻ የሆነች ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በሚመክረው መሠረት ከ3 ዓመት በኋላ። በዚያው አጋጣሚ ጡቷን መዳሰስና እብጠት መኖሩን መጠየቅ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከ9 እስከ 14 ዓመት የሆነች ልጅ ካለቻትም ክትባቱን አንሱላት።

ከዘመቻው በኋላ

ሪፈር ወረቀት ሰጥቶ መሸኘት ሪፈር አይደለም። ደሴ ሆስፒታል ገብታ የማታውቅ ሴት የትኛው በር እንደሚገባ፣ ካርድ የት እንደሚወጣ አታውቅም። ከመነሳቷ በፊት ቀጠሮው በስልክ ይያዝ፣ የምትቀበላት ነርስ ስም ወረቀቱ ላይ ይጻፍ፣ የጤና መድኅን ደብተሯ መታደሱ ይታይ፣ የትራንስፖርቱ ብር ከየት እንደሚመጣ ይታወቅ፤ ቅሬው ብዙ ጊዜ የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። መዝገቡ ላይ ከ"ሪፈር ተደርጋለች" ቀጥሎ "ደርሳለች" የሚል ዓምድ ይሰመር። በሳምንቱ ይደወል። ዓምዱ ባዶ ከሆነ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቷ ትሂድ፤ በሁለት ሳምንት ካልተሞላም ሰው አብሯት ይላክ።