ፋጅ ጥርስ ላይ አሸዋ አሸዋ እንዳይል

ለበዓል ቤት የሠራችሁት ፋጅ (ከስኳር፣ ከወተትና ከቅቤ የሚሠራ ለስላሳ ከረሜላ) አሸዋ አሸዋ ካለባችሁ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የማማሰያው ሰዓት ነው። ስኳሩ፣ ወተቱና ቅቤው ፈልቶ 114 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ከእሳት አውርዱትና ተዉት። ማንኪያ አታስገቡ፤ ድስቱንም አትነቅንቁ። ወደ 45 ዲግሪ እስኪወርድ ጠብቁ። ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ግን ዋጋ አለው።

ከዚያ በእንጨት ማማሰያ አጥብቃችሁ ምቱት። አብረቅራቂው ገጽ ደብዘዝ ሲልና ማማሰያው ሲከብድ ቶሎ ትሪ ላይ ገልብጡት፤ ከዘገያችሁ ድስቱ ውስጥ ይደርቃል። መምታቱ ክንድ ያዝላልና ቤተሰቡ ተራ በተራ ይቀባበለው። ልጆችም በዚህ ሰዓት መግባት ይችላሉ። ሲፈላ ግን አርቋቸው፤ የፈላ ስኳር ቆዳ ላይ ተጣብቆ ክፉኛ ያቃጥላል።

ለምን ይሠራል? ትኩስ እያለ ከተማሰለ ጥቂት የስኳር ቅንጣቶች ተፈጥረው እየተለቁ ይሄዳሉ። ቀዝቀዝ ካለ በኋላ ሲመታ ግን እጅግ ብዙ ደቃቅ ቅንጣቶች በአንዴ ይፈጠራሉ፤ ምላስ አይለያቸውም።

በኮንደንስድ ሚልክ (ስኳር ያለበት ወፍራም የቆርቆሮ ወተት) እና በቸኮሌት ብቻ ለሚሠራው ፈጣን ፋጅ ይሄ ሁሉ አያስፈልግም። እሱን ቸኮሌቱ እንደቀለጠ ወዲያው ትሪ ላይ አፍስሱት።