በጎኗ ተኝታ የተጓዘች የጓሮ ማረሻ አልነሳ ስትል

ባለሞተሯን ትንሽ የጓሮ ማረሻ ከመኪናዬ ኋላ ጭኜ በጎኗ አስተኝቼ ወሰድኳት። ስደርስ የማስነሻ ገመዱ እስከ ግማሽ መጥቶ ድርቅ አለ። ሞተሯ ፎር ስትሮክ ነው፤ ኦሊዮው ከቤንዚኑ ሳይቀላቀል ለብቻው የሚቀመጥበት ዓይነት።

ቤንዚኑን ቀየርኩ። ካርቡሬተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) ፈትቼ አጠብኩ። ወይ ፍንክች! በጉልበት ስስበው ደግሞ ገመዱ እጄን መልሶ መነጨቀኝ፤ ይሄን እንዳትሞክሩት። ሁለት ቀን እንዲሁ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን የአየር ፊልትሮውን ከፈትኩ። ስፖንጁ ኦሊዮ ጠጥቶ ይንጠባጠባል። ያኔ ገባኝ፤ ስትተኛ ኦሊዮው ወደ ሲሊንደሩ ሾልኮ ፒስተኑን አላላውስ ብሎታል።

ማብሪያውን አጠፋሁ። ካንዴላውን (የእሳት ብልጭታ የሚሰጠውን) ፈትቼ ሽቦውን ከቀዳዳው አራቅኩ። ፊቴን ዞር አድርጌ ገመዱን ቀስ እያልኩ አሥር ጊዜ ያህል ሳብኩ። ጥቁር ኦሊዮ ፊጭ እያለ ወጣ (ጨርቅ ያዙ፣ ሱሪዬ አልተረፈም)። ካንዴላውን ጠረግኩ፣ ስፖንጁን በሳሙና አጥቤ አደረቅኩ፣ ደልዳላ ቦታ አቁሜ የጎደለውን ኦሊዮ ሞላሁ። ሁሉንም ቦታው መልሼ፣ ማብሪያውን ከፍቼ ገመዱን ስስብ ሁለተኛው ላይ ተነሳች። ጥቂት ደቂቃ ጭስ ለቀቀችና ጠራ።

አሁን ስጭናት ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ እጠብቃለሁ። የቤንዚን መዝጊያውን ዘግቼ፣ ቀጥ አድርጌ አቁሜ፣ ግራና ቀኝ አስራታለሁ።