ሁለት ጊዜ ያስበየድኩት የውሃ ታንከር

የብረት ታንከሬን ሁለት ጊዜ አስበየድኩት፤ ሁለቴም ከብየዳው አጠገብ እንደገና ማንጠባጠብ ጀመረ። በያጁን ስወቅስ ከርሜ በመጨረሻ ውሃውን አስወጥቼ ውስጡን በባትሪ አየሁት። የብየዳው ሙቀት ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀውን የዚንክ ልባስ አቃጥሎታል። በዚያ ላይ ውሃው የሚገባው በመዳብ ቧንቧ ነበር፤ ከመዳብ የሚሟሟው ጥቂት ነገር እንኳ የዚንክ ልባስን ቶሎ ያስበላል። ለካ እኔው ነኝ በሽታውን የምቀልበው!

ስለዚህ ከመስታወት ክርና ከሙጫ ወደሚሠራው የፋይበርግላስ ታንከር ዞርኩ። አይዝግም፣ ክብደቱም ቀላል ነው፤ ነገር ግን አመል አለው። ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ውስጡ አልጌ ይበቅላል፤ ስለዚህ ብርሃን የማያሳልፍ፣ ለመጠጥ ውሃ ተብሎ የተሠራ መረጥኩ። ዋናው ጣጣ መቀመጫው ነበር። 2,000 ሊትር ውሃ ብቻውን 2,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ የብረቱ ታንከር ያረፈባቸው ሁለት አግዳሚዎች ለፋይበርግላስ አይበቁም፣ ሥሩ በሙሉ ካልተደገፈ ይሰነጠቃል። ደልዳላ የኮንክሪት ወለል አስነጠፍኩ። አዲሱ ታንከር የሙጫ ሽታ ስለነበረው ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ደጋግሜ ሞልቼ ደፋሁት። ከባድ ነገር የሚወድቅበት ወይም እሳት የሚያሰጋው ቦታ ቢሆን ኖሮ ግን አሁንም ብረቱን እመርጥ ነበር።