ኮንሰርት ለማየት ከኮምቦልቻ ደሴ ወጥቶ ማደር፦ ለጥንዶች

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ጥንዶችን የሚያታልለው ይኸው ቅርበት ነው። «አይተን እንመለሳለን» ብለው ይወጣሉ፤ ኮንሰርቱ የሚሞቀው ግን የመጨረሻው ሚኒባስ ከሄደ በኋላ ነው። ያኔ ወይ ዋናው ድምፃዊ መድረክ ሳይወጣ ጥለው ይሄዳሉ፣ ወይ በእኩለ ሌሊት በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት በኮንትራት መኪና ይወርዳሉ። ሁለቱም አያዋጣም፤ ከመጀመሪያው አዳር ብላችሁ አቅዱ።

1. ቀኑን ምረጡ

ወሎ ላይ ሁለት ጾም ይቆጠራል። በሁዳዴም ሆነ በረመዳን ኮንሰርት የለም ማለት ይቻላል። ከፋሲካና ከዒድ በኋላ፣ በእንቁጣጣሽና በጥምቀት ሰሞን ደግሞ ይደራረባል። ሐምሌና ነሐሴ ሜዳ ላይ ለሚዘጋጅ ኮንሰርት አይመቹም፤ ዝናቡ ሳያንስ ሐረጎ ላይ ጉም ይወርዳል። ከመነሳታችሁ አንድ ቀን በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን፣ ከተማው ውስጥ የሰዓት ገደብ መኖር አለመኖሩን፣ ባጃጅ ማታ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ደሴ ያለ ዘመድ ጠይቁ።

2. ማስታወቂያውን በደንብ አንብቡ

ከድምፃዊው ፎቶ ይልቅ የባንዱን ስም ፈልጉ። ባንድ ካልተጠቀሰ ድምፃዊው በፕሌይባክ፣ ማለትም በተቀዳ ሙዚቃ ላይ ሊዘፍን ይችላል። ሻጩን «ሙሉ ባንድ ነው ወይስ ፕሌይባክ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ካንገራገረ መልሱን አገኛችሁ። ሜዳ ላይ ይሁን አዳራሽ ውስጥም እወቁ፤ ልብሳችሁን የሚወስነው እሱ ነው።

3. መጀመሪያ አልጋ፣ ቀጥሎ ትኬት

ሰው ሁሉ የሚያደርገው በተቃራኒው ነው። የኮንሰርት ማታ ባንዱም፣ የድምፅ ባለሙያዎቹም፣ ከሐይቅና ከከሚሴ ከተሞች የመጣውም ሰው ደሴ ያድራል። ስለዚህ ቢዘገይ ረቡዕ ደውላችሁ አልጋ ያዙ። ስትደውሉ ሙቅ ውኃ ሌሊትም ይሠራ እንደሆነ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይኖር እንደሆነ፣ ከሥር ጭፈራ ቤት ይኖር እንደሆነ ጠይቁ። የሚረሳው ደግሞ ይህ ነው፦ ዘበኛው ከእኩለ ሌሊት በኋላ በር ይከፍታል? ቀብድ ላኩ፤ የላካችሁበትን መልእክት አታጥፉ። የሁለታችሁንም መታወቂያ ያዙ፤ እንግዳ መቀበያው ላይ ይጠየቃል። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር ተዘርግታ የረዘመች ከተማ ናት፤ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር አድሮ ሌላ ጫፍ ኮንሰርት መሄድ ማታ ያስቸግራል። ኮንሰርቱ መሀል ከተማ ከሆነ ፒያሳ ወይም አራዳ አካባቢ ያዙ፤ በእግር ትገባላችሁ።

ትኬቱን ማስታወቂያው ላይ ከተጠቀሱት መሸጫዎች ብቻ ግዙ። ተራ ቁጥርና ማኅተም እንዳለው ተመልከቱ። በቴሌብር ስትከፍሉ የሚስጥር ቁጥራችሁን ከማስገባታችሁ በፊት የተቀባዩን ስም አንብቡ። ፎቶ ተነሥቶ የተላከ ትኬት አትግዙ፤ ያንኑ ፎቶ አምስት ሰው ሊይዘው ይችላል፣ የሚገባው ግን ቀድሞ የደረሰው ነው። ቪአይፒ ወንበር ያስገኛል እንጂ የተሻለ ድምፅ አያስገኝም፤ ለእግራችሁ ከሆነ ግዙት።

4. ልብስና ዕቃ

ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር፣ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናቸው። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ ልዩነቱ 4 ዲግሪ ያህል ነው። ቀን ላይ ብዙም አይታወቅም፤ ሜዳ ላይ ሦስት ሰዓት ከቆማችሁ በኋላ ግን በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ይሰማል። ሁለት ጃኬት፣ አንድ ጋቢ፣ ሽፍን ጫማ፣ ፓወር ባንክ ያዙ። የ10 እና የ50 ብር ኖቶችም ዘርዝሩ፤ ምክንያቱ ኋላ ይመጣል።

5. መውጣት

ቅዳሜ ከሰዓት በ8 ሰዓት ግድም ተነሡ። ሐረጎ ላይ አንድ ተሳቢ መኪና ከፊት ከገባ ጉዞው ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ከፍታው ጆሮ ይደፍናል፤ ማስቲካ ማኘክ ይከፍተዋል።

6. ማታ

11 ሰዓት ላይ ብሉ። ትኬት ላይ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ በር የሚከፈትበት ሰዓት ነው፤ ዋናው ድምፃዊ ከዚያ ሁለት ሦስት ሰዓት ዘግይቶ ቢወጣ አይግረማችሁ። ስልክ ሰው ሲበዛ አይሠራምና ከመግባታችሁ በፊት ብትጠፋፉ የምትገናኙበትን ቦታ ተስማሙ፦ በሩ ሳይሆን፣ ሁሉም የሚቆመው እዚያ ስለሆነ፣ ራቅ ያለ ሱቅ።

የት መቆም? ሚክሰሩ፣ ማለትም የድምፅ ማስተካከያ ሰሌዳው፣ ያለበትን ፈልጉ። የድምፅ ባለሙያው ሙዚቃውን የሚያስተካክለው እሱ በቆመበት በሚሰማው ልክ ስለሆነ፣ ከእሱ ሁለት ሦስት ሜትር ፊት ወይም ኋላ ያለው ቦታ ከሁሉ ይበልጣል። ግድግዳና ጥግ አጠገብ ቤዙ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ፣ ይጠራቀማል፤ ቃሉ አይለይም። ስፒከር ሥር ደግሞ ጆሮ ይጎዳል፦ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት የሚቻል ድምፅ ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ስለሚያጥር 100 ዴሲቤል ላይ የሚቀረው 15 ደቂቃ ነው። ጥጥ ብዙም አያግዝም፤ ከመድኃኒት ቤት የስፖንጅ ጆሮ መድፈኛ ግዙ።

የደሴ ተመልካች ድምፃዊውን የሚፈትነው በቅኝት፣ ማለትም ዘፈኑ በሚመሠረትበት የዜማ ስልት ነው። ከአራቱ ቅኝቶች አምባሰልና ባቲ የወሎ አገር ስም ናቸው፤ ባቲማ ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቅ ነው። ሕዝቡ «አምባሰል!» ብሎ ከጮኸ ጆሯችሁን አቁሙ፤ ማታው የሚነሣው ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው።

ኮንሰርቱ ከተሰረዘ ቲኬቱን አትቅደዱ፤ ገንዘብ የሚመለሰው በእሱ ነው። አዳሩ ግን አይባክንም፤ አዝማሪ ቤት ግቡ። ዝርዝሩ ብር ለዚህ ነው። «ተቀበል!» ብላችሁ ግጥም ስጡት፤ ስማችሁን አስቀድማችሁ ከነገራችሁት ሁለታችሁንም ያነሣችኋል፣ ይሞግታችኋል፣ ትሸልሙታላችሁ።

ስትወጡ ከባጃጁ ጋር ከመሳፈራችሁ በፊት ዋጋ ተስማሙ።

7. እሑድ

ማለዳ ቡና ጠጥታችሁ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን አይጠየፍ አዳራሽ እዩ። ጊዜ ካለ ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በሰሜን ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አያስገባም፤ አንዳችሁ ገብታችሁ አንዳችሁ ደጅ ከምትቀሩ ሐይቁ ዳር ዓሣ ብሉ።

ከደሴ ቢዘገይ 10 ሰዓት ላይ ተነሡ። የራሳችሁን መኪና ከነዳችሁ ሐረጎን በሁለተኛ ማርሽ ውረዱ፤ ፍሬን ላይ ብቻ የተኛ ሾፌር ግማሽ መንገድ ላይ የተቃጠለ ሽታ ይሸተዋል። ከሸተተ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ አቁማችሁ ጎማው ላይ ውኃ ሳትደፉ ግማሽ ሰዓት አቀዝቅዙት።